ደንብ ሰው ሲመርጥ

ሕግን ማውጣት ቀላል ነው፤ ወረቀትና ቀለም ጥቂትም አዋቂዎች ቢገኙ ይበቃል። ከባዱ ሥራ የወጣውን ሕግ በታላቁም በታናሹም ላይ በአንድ ሚዛን መፈጸም ነው። በሹመት ተቀምጦ የፈረደ ወይም በሽምግልና ተጠርቶ ያስታረቀ ሰው ሁሉ ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል። በደለኛው ድኻ ሲሆን ፍርዱ ይፈጥናል፤ ባለጠጋ ሲሆን ግን ምስክሩ ይጠፋል፥ ቀጠሮው ይረዝማል፥ ትናንት ግልጥ የነበረውም የሕግ ቃል ዛሬ ትርጓሜ ያስፈልገዋል።

ይህ ክፉ ልማድ በፍርድ አደባባይ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሚወዳደሩበት በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ዘንድ ብዙ ዘመን ሲታይ የኖረ ነው። ጨዋታ ነውና ምን ቁም ነገር አለው ብሎ የሚንቀው ቢኖር፥ የቴሌቪዥን ኩባንያዎች የዓመቱን የፍጻሜ ውድድር ለማሳየት በ2010 ዓ.ም. የ14 ዓመት ውል ሲፈራረሙ 10.8 ቢሊዮን ዶላር፥ በ2016ም ውሉን እስከ 2032 ሲያራዝሙ ሌላ 8.8 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማታቸውን ይመልከት። ዘመኑ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

ጨዋታውን በ1891 በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ የካናዳ ተወላጅ ነው። ይህ ሰው የነገረ መለኮት ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ትምህርት ቤት የሰውነት ማጠንከሪያ አስተማሪ ሆኖ ሳለ፥ በብርዱ ወራት ከቤት ውስጥ የታጐሩት ተማሪዎች እንዳይታወኩ ሁለት የኮክ ቅርጫት ከፍ አድርጎ አሰቅሎ ኳስ እንዲጥሉበት አደረገ። ለጨዋታውም ያወጣው ደንብ 13 አንቀጽ ብቻ ነበረ፤ በሁለት ገጽ ወረቀት ተጽፎ አለቀ። ዛሬ የታላላቆቹን ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር የሚገዛው የደንብ መጽሐፍ ገጹ በመቶ የሚቈጠር ነው። ደንቡ ስለ በዛ ግን ጽድቁ አልበዛም።

የዚህ መጽሐፍ ጠባቂ በ1906 የተመሠረተው የኮሌጆች ብሔራዊ የአትሌቲክስ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ለብዙ ዘመን አጥብቆ የያዘው ሐሳብ፥ ተጫዋቹ ተማሪ ነውና ከትምህርት ዋጋው፥ ከማደሪያውና ከምግቡ በቀር ስለ መጫወቱ ዋጋ ሊቀበል አይገባውም የሚል ነበረ። ከተፈቀደው በላይ አንድ ምሳ የጋበዘ፥ አንድ የአውሮፕላን ቲኬት የገዛለት ሰው ደንብ አፍራሽ ይባል ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን የማኅበሩ አሠራር ነው። በደለኛውን የሚቀጣው ጉባኤ የሚመረጠው ከአባል ትምህርት ቤቶቹና ከየውድድር ማኅበራቱ ሹማምንት ጭምር ነው፤ የማኅበሩም ገቢ አብዛኛው የሚገኘው ታላላቆቹ ትምህርት ቤቶች ከሚደምቁበት ከዚያው ከፍጻሜው ውድድር ነው። መርማሪዎቹ ደግሞ እንደ መንግሥት ዳኛ ምስክርን አስገድደው የሚያቀርቡበት ሥልጣን የላቸውም። ማስገደድ የማይችል መርማሪ የሚይዘው ወድዶ የሚናገረውን ብቻ ነው። አድልዎው ሁሉ ከዳኞች ክፋት የመጣ አይደለም፤ ከዚህ ከአሠራሩ የበቀለ ብዙ ነው።

ማኅበሩ ታላቁን መቅጣት ፈጽሞ አያውቅም ቢባል ግን ሐሰት ይሆናል። በ1951 የኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች መማለጃ መቀበላቸውን ገለጠ። የተቀበሉትም እንዲሸነፉ ብቻ ሳይሆን፥ ሲያሸንፉም ቁማርተኛው ከገመተው በጠበበ ነጥብ እንዲያሸንፉ ጭምር ነበር፤ ስለዚህ ተመልካቹ ተንኰሉን ሊያይ አይችልም ነበር። ከሰባት ኮሌጆች የተገኙ 32 ተጫዋቾች ከ1947 እስከ 1950 ድረስ በ86 ጨዋታዎች እንዲህ ማድረጋቸው ታወቀ። ከነዚህም መካከል በ1950 በአንድ ዓመት ሁለቱን ታላላቅ ዋንጫዎች የወሰደው የኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ነበረበት። የኬንተኪ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ አዶልፍ ረፕ ቁማርተኞች የእርሱን ልጆች በረጅም ዘንግ እንኳ ሊነኳቸው አይችሉም ብሎ ነበር፤ ጥቂት ቈይቶ የእርሱም ልጆች ተያዙ። ማኅበሩም ያን ጊዜ በዋልተር ባየርስ ጸሓፊነት ገና ጕልበት ሲያወጣ ነበርና ኬንተኪ የ1952–53ን ውድድር ዘመን በሙሉ ሳይጫወት እንዲያልፍ አደረገ። ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነን ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ሙሉ ማስቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ገንዘቡ ገና ያልበዛበት ዘመን በመሆኑ ይሆናል።

ከ20 ዓመት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በካሊፎርኒያ በሎንግ ቢች ያሠለጥን የነበረው ጄሪ ታርካኒያን ታናናሾቹ ትምህርት ቤቶች ሲመረመሩ ታላላቆቹ ይታለፋሉ ብሎ በጋዜጣ ጻፈ። ብዙም ሳይቈይ ምርመራው በእርሱ ትምህርት ቤት ላይ መጣ፤ ወደ ላስ ቬጋስ ዩኒቨርሲቲ ቢዛወርም ምርመራው ተከተለው። በ1977 ማኅበሩ ዩኒቨርሲቲውን ቀጥቶ ታርካኒያንን ለሁለት ዓመት ከሥራው እንዲያግደው አዘዘ። ታርካኒያን ንጹሕ ሰው ነበር ለማለት አይደለም፤ በመጨረሻ ከላስ ቬጋስ የለቀቀው ተጫዋቾቹ በጨዋታ ማበላሸት ከተፈረደበት ሰው ጋራ ሆነው የተነሡት ፎቶግራፍ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነው። የተናገረው ቃል ግን የተናጋሪውን ንጽሕና የሚጠይቅ አይደለም። የኬንተኪ ስም በሚነሣበት ዘመን ማኅበሩ በኬንተኪ እጅግ ከመቈጣቱ የተነሣ በክሊቭላንድ ስቴት ላይ የሁለት ዓመት ቅጣት ሊጨምር ነው ብሎ አላገጠ። አበው ይህን በሦስት ቃል ጨርሰውታል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

ቀልዱም ከእውነት የራቀ አልነበረም። በ1985 በኬንተኪ በሌክሲንግተን ከተማ የሚታተም ጋዜጣ ከ30 በላይ የሆኑ የቀድሞ ተጫዋቾችን አነጋግሮ፥ የዩኒቨርሲቲው ወዳጆች ለተጫዋቾች ገንዘብ በእጃቸው ያስጨብጡ እንደ ነበር ጻፈ፤ ለዚህም ሥራው በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት ተቀበለ። ማኅበሩ ግን መርምሮ ማስረጃ አላገኘሁም አለና በ1988 ዩኒቨርሲቲውን ለምርመራው በሚገባ አልተባበርህም ብሎ በመውቀስ ብቻ አለፈው። በዚያው በ1988 በኦሃዮ የሚገኘው ክሊቭላንድ ስቴት የተባለው ታናሽ ትምህርት ቤት፥ ከሱዳን የመጣውን የዲንቃውን ተወላጅ ማኑቴ ቦልንና ሌሎች ሁለት አፍሪቃውያንን ለማምጣት በደንብ ያልተፈቀደ ገንዘብ አውጥቷል ተብሎ ተቀጣ። ማኑቴ ቦል ለዚያ ትምህርት ቤት አንዲትም ጨዋታ አልተጫወተም።

ኬንተኪ በ1989 ሁለት ዓመት ከፍጻሜው ውድድር ታግዷል። ያም የሆነው ግን የመርማሪ ዓይን ስለ በራ አይደለም። ከአሠልጣኞቹ ቢሮ ወደ አንድ ተጫዋች አባት የተላከ ጥቅል በሎስ አንጀለስ በዕቃ ማመላለሻ ኩባንያ እጅ ሳለ ተከፍቶ 1,000 ዶላር ተገኘበት ስለ ተባለ ነው። ጋዜጠኛ የሠላሳ ሰው ምስክርነት ሰብስቦ ያላሳየውን አንድ የተቀደደ ፖስታ አሳየ። የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲም በ2013 ያገኘው ዋንጫ በ2018 ከመዝገብ ሲፋቅ፥ ነውሩን አስቀድማ ያወጣችው መጽሐፍ ያሳተመች አንዲት ሴት እንጂ መርማሪ አልነበረም። ታላቁ ሲያዝ የሚያዘው እንዲህ በአጋጣሚ ነው።

የተበደለ ሰው ይግባኝ ብሎ የሚጮኽበትም በር ጠባብ ነው። ታርካኒያን ነገሩን እስከ ላይኛው የአሜሪካ ፍርድ ቤት አድርሶት ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ1988 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ማኅበሩ የመንግሥት ክንድ አይደለምና በሕገ መንግሥት የተጻፈው የፍርድ ሥርዐት አያስገድደውም ብሎ ወሰነ። በዚህ ፍርድ መሠረት ማኅበሩ የሰውን እንጀራ የሚቈርጥ ሥልጣን ያለው፥ የዳኛ ግዴታ ግን የሌለበት ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1998 ማኅበሩ ከታርካኒያን ጋራ ታርቆ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለው። 

በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሆነው ደግሞ ለመምህራን ከሁሉ ይልቅ የሚከብድ ነገር ነው። ከ1993 እስከ 2011 ድረስ ተማሪ የማይገኝበት፥ መምህር የማያስተምርበት፥ አንድ ጽሑፍ ብቻ ቀርቦ አስተማሪ ያልሆነች የቢሮ ሠራተኛ ከፍ ያለ ማርክ የምትሰጥበት ትምህርት በመዝገብ ተይዞ ኖረ። በ2014 የወጣው የምርመራ መግለጫ እንደሚለው ከ3,100 በላይ ተማሪዎች በዚህ አለፉ፤ ግማሽ ያህሉም የስፖርት ተጫዋቾች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ፈቃድ ለሚያረጋግጥለት አካል ማታለል ተደርጓል ብሎ ጽፎ ሳለ፥ በማኅበሩ ፊት ሲቀርብ ያ ቃል በስሕተት የተጻፈ ነው አለ። ማኅበሩም በኦክቶበር 2017 ውሳኔውን ሲሰጥ፥ ትምህርቱ ለተጫዋቾች ብቻ ሳይሆን ለተማሪ ሁሉ ክፍት ስለ ነበረ ደንብ ፈርሷል ለማለት አልቻልኩም ብሎ አሰናበተው። ሐሰቱ ለሁሉ እኩል ስለ ታደለ ሐሰት መሆኑ ቀረ ማለት ነው! ለአንድ ተጫዋች ምሳ መጋበዝ በደል ሆኖ በሺህ ለሚቈጠሩ ተማሪዎች ያልተማሩትን ትምህርት እንደ ተማሩ አድርጎ ማርክ መስጠት በደል ካልሆነ፥ ደንቡ የሚጠብቀው ትምህርትን አይደለም።

ይህ ውሳኔ ከመሰጠቱ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል አስቀድሞ በሴፕቴምበር 2017 የፌዴራል መንግሥት የምርመራ ቢሮ አሥር ሰዎች መያዙን አስታወቀ። ከነዚህ አራቱ የኦበርን፥ የኦክላሆማ ስቴት፥ የአሪዞናና የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ረዳት አሠልጣኞች ሲሆኑ፥ ተጫዋቾቻቸውን ወደ ገንዘብ አማካሪዎች ሊመሩ መማለጃ ተቀብለዋል የሚል ክስ ቀረበባቸው። አዲዳስ ከተባለው የጫማ ኩባንያ ጋራ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ልጆቻቸው ኩባንያው ወደሚያለብሳቸው ዩኒቨርሲቲዎች እንዲገቡ ለቤተ ሰቦች ገንዘብ ሰጥተዋል ተባለ። አራቱም ረዳቶች ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ሁለቱ ሦስት ሦስት ወር ታሰሩ። በጫማው ነገር መጀመሪያ የተፈረደባቸው ሦስት ሰዎችም ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር እስራት ተቀበሉ። በዓመት ሚሊዮኖች ከሚከፈላቸው ዋና አሠልጣኞች ግን አንድም አልተከሰሰም። ይባስ ብሎ በፍርድ ቤቱ ክርክር ዩኒቨርሲቲዎቹ ተታለው የተበደሉ ተብለው ተቈጠሩ፤ የሚጠቀሙበት ተጫዋች የመጣላቸው ትምህርት ቤቶች ከሳሽ ወገን ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ራሱ ሊፈርድ ተነሣ፤ አድልዎውም እንደ ፀሐይ የታየው ያን ጊዜ ነው። የኦክላሆማ ስቴት ረዳት አሠልጣኝ የተቀበለው መማለጃ ከ18,000 እስከ 22,000 ዶላር የሚሆን ነበር። ዩኒቨርሲቲው ሰውየውን ወዲያው አባረረው፥ ለምርመራውም ተባበረ፤ በዚያ ገንዘብ አንድም ተጫዋች አላገኘሁም ብሎም ተከራከረ። ማኅበሩ በ2020 አንድ ዓመት ከፍጻሜው ውድድር አገደው፤ ይግባኙም በኖቬምበር 2021 ወደቀ። በታገደው ቡድን ውስጥ ያሉት ልጆች ያ ረዳት አሠልጣኝ ከተባረረ አራት ዓመት ያህል ሆኖት የተጫወቱ ናቸው።

በዚያው የውድድር ማኅበር ውስጥ ያለው የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ በ2019 አምስት ከባድ ከባድ ክሶች ቀረቡበት። በፌዴራል ፍርድ ቤት የመሰከረው የአዲዳስ ሰው ለአንድ ተጫዋች እናት ብቻ 90,000 ዶላር ያህል መስጠቱን ተናግሮ ነበር። ካንሳስ ግን አልተናዘዘም፤ ጠበቃ አቁሞ ተከራከረ። በዚያው ዓመት ከዚያው ከአዲዳስ ጋራ ያለውን ውል 196 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ ስምምነት አጸና፤ በ2021ም ነገሩ ገና ሳይቈረጥ ለዋና አሠልጣኙ ለቢል ሰልፍ የዕድሜ ልክ ውል ሰጠው። ጕዳዩም ገለልተኛ ይሆናል ተብሎ ወደ ተቋቋመ አዲስ ችሎት ተላለፈ፤ ነገሩም ከክሱ ጀምሮ አራት ዓመት ፈጀ። በኦክቶበር 2023 ሲወስን ከ2017–18 ዓመት 15 ድሎችን ከመዝገብ ፋቀ፥ ሦስት ዓመትም በቍጥጥር ሥር እንዲቈይ አዘዘ፤ ከፍጻሜው ውድድር ግን አላገደውም። ይህ ችሎት የስድስት ዩኒቨርሲቲዎችን ጕዳይ አይቶ ከውድድር ያገደው አንድም የለም። ኦበርንና አሪዞና ራሳቸው በራሳቸው ላይ የአንድ ዓመት እገዳ ጥለዋል፤ ማኅበሩ በፍርድ ያገደው ግን ፈጥኖ የታዘዘውን ኦክላሆማ ስቴትን ብቻ ነው።

ችሎቱ የሰጠው ምክንያት ያለፉት ሰዎች ባጠፉት ዛሬ ያሉት ልጆች ሊቀጡ አይገባም የሚል ነው። ሐሳቡ መልካምና ከእውነተኛ ፍርድ የሚስማማ ነው፤ ማንም አስተዋይ ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን ምሕረት ለባለጠጋው ብቻ ሲደርስ ምሕረት መባሉ ይቀራል። የኦክላሆማ ስቴት ልጆችም ያለፉ ሰዎች ባጠፉት የተቀጡ ነበሩ። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ከነገሩ የተማሩት ትምህርት ነው። በደሉን በጓዳው ያገኘ የትምህርት ቤት ሹም ወደ ማኅበሩ ሄዶ ልናገር ወይስ ጠበቃ ልፈልግ ብሎ ቢያስብ፥ የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ታሪክ የትኛውን መንገድ ያሳየዋል? ለተናዘዘ ቅጣትን የሚያከብድ፥ ለካደ የሚያቃልል ሥርዐት ቅን ሰዎችን ራሱ ዝም ያሰኛል፤ ዝምታውም በሚመጣው በደል ይከፈላል።

አንዳንዶች ደንቡ ከመጀመሪያው ግፍ ነበርና መፍረሱ ምን ያሳዝናል ይላሉ። ለዚህም በቂ ምክንያት አላቸው፤ በቢሊዮን የሚገዛ ጨዋታ ተጫውቶ ገንዘብ እንዳይነካ የተከለከለው ተጫዋቹ ብቻ ነበርና። በጁን 2021 የላይኛው ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ቃል ማኅበሩ ለተጫዋቾች በሚሰጠው የትምህርት ጥቅም ላይ የጣለውን ገደብ ሕገ ወጥ አሉት፤ በማግስቱ ወር ተጫዋቾች ስማቸውንና መልካቸውን ሸጠው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በጁን 2025ም አንድ ፍርድ ቤት ባጸደቀው እርቅ መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ እንዲያካፍሉ ተፈቀደላቸው፤ ቀድሞ ለተጫወቱትም 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል በአሥር ዓመት እንዲከፈል ተወሰነ። በ2019 ለተጫዋች ቤተ ሰብ ገንዘብ አቀበሉ ተብለው የተፈረደባቸው ሰዎች፥ ሁለት ዓመት ቢዘገዩ ኖሮ የገንዘቡን መንገድ በውል አሳምረው በግልጥ የሚከፍሉበትን ዘመን ባገኙ ነበር። የእስራቱን ወራት የሚመልስላቸው ግን የለም።

ይሁን እንጂ የአዲሱ ደንብ መምጣት አሮጌውን በሽታ አያድነውም። ለዚህም ገንዘብ ገደብ አለው፤ ገደብ ባለበት ደግሞ የሚያልፈው ይኖራል። ጠባቂ ይሆን ዘንድ አዲስ አካል ተቋቁሟል። ይህ አካል የመጀመሪያውን ክስ በስማቸው በማይፈራው ታናሽ ትምህርት ቤት ላይ ያቆም እንደ ሆነ፥ ወይም የዋንጫ መደርደሪያው የሞላውን ጠርቶ ይጠይቅ እንደ ሆነ፥ ሰው የሚያየው ይህን ነው። ቅጣቱም ከዓመታት በኋላ በመጡ ልጆች ላይ ከሚወድቅ ይልቅ በበደሉ ጊዜ ደመወዝ በበላው አሠልጣኝና ውሉን በፈረመው የዩኒቨርሲቲ ሹም ላይ ቢወድቅ፥ ፈጥኖ እውነቱን ለተናገረም ቢቀል፥ የደንቡ ገጽ ሳይጨመር ብዙ ነገር በተስተካከለ ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለውን የሚያምን ሹም በየአገሩ አለ፤ እርሱን የሚያስፈራው የመጽሐፍ ውፍረት አይደለም።

አፕሪል 4 ቀን 2022 ማታ በኒው ኦርሊንስ ከተማ የዓመቱ ዋንጫ ጨዋታ ተደረገ። በሜዳው ላይ የቆሙት ሁለቱ ቡድኖች ፍርዱ ገና ያልተሰጠው ካንሳስና ከአራት ዓመት ተኩል በፊት የተሰናበተው ሰሜን ካሮላይና ነበሩ። ካንሳስ 72 ለ69 አሸነፈ። ኦክላሆማ ስቴት በዚያ ውድድር አልነበረም፤ የእገዳው ዓመት ያው ዓመት ነበርና። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ፍርዱ ሲወጣ የተፋቁት የ2018 ድሎች ስለ ሆኑ የ2022ቱ ዋንጫ አልተነካም፤ ዛሬም በካንሳስ በሎውረንስ ከተማ ይገኛል። የጨዋታው ፈጣሪ ኔይስሚዝ በ1898 ለማስተማር የሄደው ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ በመጫወቻው አዳራሽ አጠገብ የሚያልፈው መንገድም በእርሱ ስም ይጠራል። በ1891 የጻፋቸው 13 አንቀጾች ዋናው ጽሑፍ በ2010 ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ በጨረታ ተገዝቶ፥ ከአዳራሹ ጋራ በተያያዘ ሕንፃ ውስጥ ለጐብኚ ይታያል።